በሆድና በመሪ መካከል

መርሰዲስ 300 ኤስ ኤልን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው በሮቹን ነው። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ጣሪያው ነው የሚከፈቱት። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ምዕራብ፣ በቀድሞው ንጉሥ በሑሴን ስም በተሰየመው መናፈሻ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ ንጉሣዊ የአውቶሞቢል ሙዚየም አለ። ንጉሡ በዘመናቸው የነዷቸውና የተጓዙባቸው መኪኖች እዚያ ተሰድረው ቆመዋል፤ 300 ኤስ ኤልም ከመካከላቸው ነው። ጎብኚው ስልኩን አውጥቶ በሮቹን ያነሳና ያልፋል። የእኔ ዓይን ግን መሪው ላይ ቀረ።

የዚህ መኪና መሪ ይታጠፋል። ከእምብርቱ ሥር ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ሲነኳት ክቡ በሙሉ ወደ ታች ይተኛል፤ ነጂው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ መልሶ ያቆመዋል። ምክንያቱ የመኪናው አጥንት ነው። 300 ኤስ ኤል የተሠራው ከቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች በተበየደ አጽም ላይ ነው። ቧንቧዎቹ አጽሙን እንዲያጠነክሩ በግራና በቀኝ ከፍ ብለው ስለሚያልፉ እንደሌላው መኪና እስከ ታች የሚወርድ በር ማስገባት አልተቻለም። በሩ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ደፉም ከፍና ሰፋ ብሎ ቀረ። ነጂው መጀመሪያ ደፉ ላይ ቁጭ ይላል፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ያሻግራል፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ጭኑ ከመሪው ጋር የሚጣላው። መሐንዲሶቹ ነጂው ቀጭን ይሁን አላሉም፤ መሪው ዞር እንዲልለት አደረጉ።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1954 ኒውዮርክ ላይ ታይቶ እስከ 1957 ድረስ 1,400 ብቻ የተመረተ የፍጥነት መኪና ነው። ለወፍራም ሰው ታስቦ እንዳልተሠራ ግልጽ ነው። ንጉሥ ሑሴንም ቁመታቸው አጭር ስለነበር ማጠፊያው ብዙም አላስፈለጋቸው ይሆናል። ቢሆንም ያቺን ማጠፊያ የነደፈ ሰው ነጂ ጭን እንዳለው አልዘነጋም። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት መኪና ተሠርቷል፣ አብዛኛው ግን ይህን ዘንግቶታል።

እኔ ከሰፊዎቹ ወገን ነኝ። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ዓይነት ሰው። ላዳ ታክሲ ከፊት ስገባ ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ጉልበቴን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ መኪና ስመለከት የማየው ሌላው የሚያየውን አይደለም። ሻጭ ለእንደኔ ዓይነቱ ደንበኛ ወዲያው ትልቅ መኪና ያሳያል፤ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ስፋቱ ይህን ያህል እያለ ከወረቀት ያነባል። ሰው ግን የሚኖረው በቆርቆሮው ስፋት ውስጥ አይደለም። ከወንበርና ከበር፣ ከሆድና ከመሪ፣ ከጉልበትና ከማርሽ መካከል በተረፈው ቦታ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም። ከውጭ ሲያዩት ቤት የሚያክል፣ ከውስጥ ግን በወፍራም በርና በሰፊ የመሐል ሣጥን ተከፋፍሎ ያለቀ መኪና ስንት አይቻለሁ!

አማን ይህን ለመመርመር የተመቸች ከተማ ናት። በመጀመሪያ ነገር ዮርዳኖሳውያን ራሳቸው ደልደል ያሉ ናቸው፤ ከአዋቂዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት አለባቸው። በጀሚድ፣ ማለትም በደረቅ እርጎ፣ የተሠራው መንሰፍ የሚባለው የሥጋና የሩዝ ምግብ በትልቅ ትሪ ቀርቦ ትንሽ ቀምሶ መነሳት ባለቤቱን በሚያስከፋበት አገር ይህ ብዙም አይደንቅም። ከተማዋ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከጀበል አማን ወይም ከጀበል ሉወይብዴ ወደ መሐል ከተማው ወደ በለድ ሲወረድ ከባድ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ወንበሩ ካልያዘው ሆድ መሪውን ይነካል። ወደ አሽረፊዬ ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ በሙሉ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ከተማ ወንበርን ባንድ ሳምንት ውስጥ ያጋልጣል። ከሁሉም በላይ የአማን ሰው ያረጀ መኪና አይጥልም፤ ያሠራዋል።

የሚያሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ከምዕራብ ወገን የታወቀው በያድር ዋዲ አስሲር የሚባለው የጋራዦች ሠፈር ነው። እዚያ ሥራው ሁሉ ተከፋፍሏል፤ ራዲያተር የሚበይደው ሌላ፣ ቀለም የሚቀባው ሌላ፣ ፍሪሲዮን የሚቀይረው ሌላ። አንዱ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወንበር ብቻ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። ሐጂ ነው የምላቸው፤ እሳቸውም ሐቢቢ ይሉኛል። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው መቀስ፣ የቆዳ መርፌ፣ ባለ ጠመዝማዛ አፍ ፒንሳ፣ የጠመኔ ቁራጭና የወፍራም ሲባጎ ጥቅል ብቻ ነው። እዚያ በተቀመጥኩበት ሰዓት ፊታቸው የነበረው የመርሰዲስ 123 የነጂ ወንበር ነበር።

ስለዚህ መኪና ትንሽ ልበል። 123 የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ወጥቶ እስከ 1986 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመርቷል። በመካከለኛው ምሥራቅ የታክሲ ንጉሥ የነበረ ነው፤ የአዲስ አበባ አንባቢም በየኤምባሲው ግቢና በድሮ ባለሥልጣናት በር ላይ ያስታውሰዋል። ቁመቱ 4.73 ሜትር፣ ስፋቱ 1.79 ሜትር ነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ቢቆም መካከለኛ እንጂ ትልቅ አይባልም። ውስጡ ገብቶ የተቀመጠ ሰፊ ሰው ግን ዓመታት አልፈውም ያወራለታል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሐጂ ልብሱን ሲገፍፉት ነው።

ልብሱ ኤም ቢ ቴክስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ መቀመጫው መሐል ላይ በመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተበስቶ አየር ያስገባል። እሱ ሲነሳ ስስ የጥጥ ንጣፍ አለ። ከጥጡ ሥር እንደ ፍራሽ የታመቀ ቡናማ ነገር ይመጣል፤ የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ቃጫ በጎማ ፈሳሽ ተያይዞ የተጋገረ ነው። ሲጫኑት ዝቅ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል፣ ውስጡ ባዶ ባዶ ስለሆነ ላብ አያቁርም። ከሱ ሥር ጆንያ፤ ከጆንያው ሥር ደግሞ በብረት ሣጥን ላይ በረድፍ የቆሙ ሞላዎች። የመኪና ወንበር ሳይሆን የድሮ ባለሞላ አልጋ የከፈቱ ይመስላል። ሐጂ በቡጢያቸው አንድ በአንድ ይጫኗቸዋል። በመዳፍ አይደለም፤ በመዳፍ ሲጫኑት ሁሉም ደህና ይመስላል አሉኝ። በግራ በኩል ካለው ረድፍ ሁለቱ ተሰብረዋል፣ አንዱ ተኝቷል። የፀጉሩ ንጣፍም እዚያው ጠርዝ ላይ ወደ ዱቄትነት ተለውጦ መሬቱ ላይ ቡናማ አቧራ ይረግፋል።

የሚሰበረው ሁልጊዜ የግራው ጠርዝ ነው። ነጂ ከመኪና ሲወጣ መጀመሪያ ወደ በሩ ይንሸራተትና ሰውነቱን በሙሉ እዚያ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ነው እግሩን የሚያወጣው። ለቀጭን ሰው ይህ የአፍታ ጉዳይ ነው። ከባድ ሰው ግን እዚያው ያመነታል፣ ይተነፍሳል፣ በሩን ይይዛል፤ ጠርዙ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክሞት ይቆያል። የዚህ ወንበር ባለቤት ጡረታ የወጡ የሰርቪስ ታክሲ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እየወጡ እየገቡ ነው የኖሩት።

«ሐጂ፣ በስፖንጅ ቢሞሉት አይቀልዎትም?» አልኳቸው።

«ስፖንጅ የሚመቸው በገዙበት ቀን ነው» አሉኝ ሳያዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖንጅ ሲጫኑት አየሩ ወጥቶ ይተኛል፤ ከተወሰነ ክብደት በላይ ሲሆን የሚተርፈው ቦታ የለም፣ ሰውዬው ከሥር ያለው ብረት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሞላ ግን ረጅም መንገድ አለው። የሚከብደው ሰው ከሚቀልለው ይልቅ ጥቂት ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ መሬት አይነካም። የጠርዙ ሞላዎች ደግሞ ከመሐሉ ይልቅ ጠንከር ያለ ሽቦ ስላላቸው ሰውነት ወደ መሐል ይሰበሰባል። የዛሬ ወንበር ይህን ሥራ የሚሠራው በጎን በኩል ክንፍ አውጥቶ፣ ዳሌን እንደ ሻጋታ በመያዝ ነው። ሻጋታው የተለካው ግን በሌላ ሰው ዳሌ ነው። የ123 ወንበር ክንፍ የለውም፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ ከፊት በኩል ትንሽ ቀና ያለ ነው። ጭን እስከ ጉልበት ድረስ ይደገፋል። ያቺ ቀና ማለቷ ናት ቁልቁለት ላይ ከመሪው የምታድነው።

ሐጂ የተሰበሩትን ሞላዎች በአዲስ አልተኩም። ከዚሁ መኪና የጋቢናውን የተሳፋሪ ወንበር አስወርደው ከሱ ላይ ነቀሉ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ስለሚያንስ ሞላው ገና ጉልበት አለው፤ ከሁሉም በላይ ያው የፋብሪካው ሽቦ ነው። የደከሙትን ወደ ተሳፋሪው፣ የበረቱትን ወደ ነጂው አዘዋወሩ። ከዚያ ሲባጎ አንስተው እያንዳንዱን ሞላ ከጎረቤቱ ጋር አሰሩ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው እንዲከተለው፣ ግን እንዳይጋጩ። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ ጥርሳቸውን ነው የሚጠቀሙት። ጆንያውን ሁለት እጥፍ አደረጉ። የፀጉሩን ንጣፍ ገልብጠው የተበላውን ጠርዝ ወደ ቀኝ አዞሩትና ጎደሎውን ከሌላ አሮጌ ወንበር በተቆረጠ ተመሳሳይ ፀጉር ሞሉት። ልብስ ሳያለብሱት በፊት ባለቤቱን ጠርተው አስቀመጧቸው፤ ከኋላ ሆነው ትከሻቸው ቀጥ ማለቱን አዩ፣ ዳሌያቸው የሚያበቃበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከምልክቱ ውጭ ያለውን ንጣፍ በቢላ አሳሱት። የእጅ ጥበብ ማለት ይህ ነው ብዬ ያደነቅሁት እዚህ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ለማንም የሚሆን ወንበር ሠራ፣ ሽማግሌው ለእኚህ ሰው አደረጉት፣ ሁለቱም እጅ ይታያል።

123 እንከን የለሽ አይደለም። መሪው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ትልቅ ክብ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይንቀሳቀስም፣ ወደ ነጂውም አይሳብም። የታችኛው ጠርዙ የወፍራም ሰው ጭን ላይ ያርፋል። በ1954 መሪ አጥፎ ያስገባ ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን መተዉ ያሳዝነኛል። ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ያናድዳል። የወንበሩን መደገፊያ ለማጋደል እጅ በወንበሩና በበሩ መካከል መግባት አለበት። ቀጭን ሰው እዚያ ክርኑን ያሳርፋል። ወፍራም ሰው ግን ከተቀመጠ በኋላ እዚያ ቦታ የለም፤ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን አውጥቶ፣ ወንበሩን አስተካክሎ እንደገና ይገባል።

ለዚህ ጣጣ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው ያው ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው 126 የሚባለው የኤስ ክላስ ሞዴል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር ያለው ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው በሩ ላይ ከፍ ብሎ ተተክሏል፤ ቅርጹም ራሱ ወንበር ነው። ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ መቀመጫ አለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መደገፊያ አለ፣ ላዩ ላይ የራስ ትራስ አለ። ትንሹን መቀመጫ ወደ ፊት ሲገፉት ትልቁ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ትንሹን መደገፊያ ወደ ኋላ ሲያጋድሉት የራስ ጀርባ ቀስ ብሎ ይጋደላል። ማንበብ አያስፈልግም፣ ቋንቋ አያስፈልግም፣ ማየት እንኳ አያስፈልግም። ብዙዎች የሚያደንቁት ብልሃቱን ነው። እኔ የማደንቀው ቦታውን ነው፤ እጅ ከዳሌ ሥር ወጥቶ በብርሃን፣ በክንድ ቁመት ላይ ይሠራል። አማን ውስጥ ዛሬም የሚነዱ 126ዎች አሉ። የበሩ ልብስ ተልጦ፣ ክሩስኮቱ በፀሐይ ተሰንጥቆም ያቺ ትንሽ ወንበር ስትሠራ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የመጣው፣ አረቦች ሸበህ የሚሉት 140፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1998 የተመረተው ነው። በዚያ ዘመን የጀርመን መራሔ መንግሥት የነበሩት ሄልሙት ኮል ቁመታቸው 1.93 ሜትር፣ ሰውነታቸውም እንደዚያው ነበር፤ ኤስ ክላስ ነበር የሚጓዙበት። 140 የጎን መስታወቱ ድርብ ነው። በሩን ገፋ ሳያደርጉ ቢተዉት በአየር ግፊት ራሱ ስቦ የሚዘጋበት መሣሪያ ሊገጠምለት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላው ማዕዘኖች ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ብቅ ብለው የመኪናውን መጨረሻ ለነጂው ያሳያሉ። ይህ ሁሉ ድንቅ ሥራ ነው፣ ለእኔ ግን አልፎ የሄደ ነው። ስፋቱ 1.89 ሜትር ስለሆነ የአማን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በሩን እኩሌታ ብቻ ነው መክፈት የሚቻለው። ወፍራም ሰው ሰፊ መኪና ውስጥ ተመችቶት ይመጣና ሲደርስ መውጫ ያጣል። መኪና ሲሰፋ በአጠገቡ የሚተርፈው ክፍተት እንደሚጠብ ሻጩ አይነግርዎትም።

የአማን ሰፊ ሰዎች ግን በኤስ ክላስ አልኖሩም። ለረጅም ጊዜ በከተሞች መካከል ያጓጓዟቸው ነጫጭ የሰርቪስ ታክሲዎች ናቸው፤ ከመርሰዲሶቹ ሌላ ፔጆ 504 እና 505 ነበሩ፣ ባለ ሦስት ረድፍ፣ ሰባት ሰው ጭነው የሚሄዱ። የእነዚህ ፔጆዎች ጥበብ ከኋላው አክሰል ላይ ነው፤ እንደ ጭነት መኪና በባሌስትራ ሳይሆን በአራት ሞላ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ተደግፈዋል። ባዶ ሲሄዱ አያንገላቱም፣ ሞልተው ሲሄዱ አይቀመጡም። የመጨረሻው ረድፍ ለልጆች እንጂ ለእኔ አይሆንም፤ ሾፌሮቹም ያውቁታል፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ጋቢናውን ያሳዩኛል።

ከዚያ ደግሞ የበረሃው ጂ ኤም ሲ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 በኋላ ኢራቅ ላይ በተጣለው ማዕቀብ በረራ ሲቋረጥ፣ ወደ ባግዳድ የሚሄድ ሰው ዲፕሎማቱም ነጋዴውም ጋዜጠኛውም አማን ላይ ጂ ኤም ሲ ሰበርባን ይሳፈር ነበር። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዝረቅን፣ ሩወይሺድን፣ ከዚያ ድንበሩን አልፎ። ሰበርባን በሥራ ጥራት ከመርሰዲስ ጋር አይወዳደርም፤ ፕላስቲኩ ይንቋቋል፣ ክፍተቶቹ እኩል አይደሉም። ማርሹ ግን መሪው ሥር ነው፤ ከፊት ያለው ወንበር ባንዳንዶቹ ላይ ከበር እስከ በር ያልተቆረጠ አንድ አግዳሚ ነው፤ መሐሉ ላይ ሣጥን የለም፣ ጉልበት የሚነካው ነገር የለም። አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቀመጥ ከባድ ሰው እግሩን ማዘዋወር መቻል ከቆዳና ከስፌት ይበልጣል። አሜሪካኖቹ ይህን ያወቁት ተጠበው ነው አልልም፤ አገራቸው ሰፊ፣ ሰዋቸው ሰፊ ስለሆነ ነው።

አሁን አማን መንገድ ላይ የሚበዛው ሌላ ነው። ነዳጅ ውድ፣ ትልቅ ሞተር ደግሞ ቀረጡ ከባድ ስለሆነ ከተማው ወደ ሃይብሪድ ዞሮ በፕሪየስ ተሞላ። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የተመረተው ሁለተኛው ፕሪየስ ማርሹ ክሩስኮቱ ላይ የተተከለች አጭር ዘንግ ናት፤ ከሥሯ ወለሉ ክፍት ነው፣ ቀኝ ጉልበት እንደፈለገ ይንሰራፋል። የሚቀጥለው ሦስተኛው ፕሪየስ በሌላው ሁሉ ተሻሽሎ ሳለ፣ ከክሩስኮቱ ተነስቶ እንደ ድልድይ ወደ ክንድ ማሳረፊያው የሚወርድ ሣጥን ተገጠመለት። ነዳፊው አውሮፕላን እንዲመስል ፈልጎ ይሆናል። ጉልበቴ ግን ያን ድልድይ ጉዞውን ሙሉ ይታከከዋል። ስሙ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ፣ አሮጌው ለሰፊ ሰው የተሻለ። ያገለገለ ፕሪየስ ለሚፈልግ ወፍራም ወዳጄ ዓመተ ምሕረቱን ትቶ ወለሉን እንዲያይ ነው የምነግረው።

የመኪና ገበያ ከሆነው ከዛርቃ ነፃ ቀጠና የሚወጣው የኤሌክትሪክ መኪናም የአዲስ አበባ አንባቢ ከሚያውቀው ብዙ አይለይም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በቦሌ መንገድ የሚታዩት ለቻይና ገበያ የተሠሩት ፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 አማን ላይም ሞልተዋል። አይዲ 6 ቁመቱ 4.88 ሜትር ነው፤ ከዚያ አሮጌ 123 የሚበልጠው በ15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 2.97 ሜትር ሆኖ ከ123 በ17 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የጨመረው ሁሉ ለሰው ነው የዋለው ማለት ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ አፍንጫው አጠረ፣ ባትሪው ወለል ሥር ስለተኛ መሐሉ ላይ ጉብታ የለም። ማርሹ ከመሪው ጀርባ፣ ከትንሿ የመረጃ ሰሌዳ ጎን የሚሽከረከር ቁልፍ ነው። ጉልበት ነፃ ነው። ወንበሩም ከፍ ስለሚል መግባት እንደ መውረድ፣ መውጣት እንደ መነሳት አያደክምም።

ሥራው ግን ይህን ያህል አያስደንቀኝም። ሙቀት ለመጨመር ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ማታ ብርሃን የሌለው ሆኖ ወጥቷል። የወንበሩ መቆጣጠሪያ ደግሞ የት ተገኘ? ተመልሶ ወንበሩና በሩ መካከል። 1979 ላይ የተፈታ ችግር ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተፈጥሯል፤ እኔም እጄን እንደገና ከዳሌዬ ሥር እያስገባሁ በዳበሳ እፈልጋለሁ።

ቀበቶውን ሳላነሳ ብሄድ ጥፋት ነው፤ ብዙ ሰፊ ነጂዎች የሚሰንፉት እሱ ላይ ስለሆነ። ጥሩ ሥራ ያለው ቀበቶ መቆለፊያው ከወንበሩ ጎን ቆሞ ይጠብቃል። መጥፎው ተልፈስፍሶ በዳሌና በሣጥኑ መካከል ሰምጦ ስለሚገኝ ሰውዬው ሲዳብስ ይቆይና ይተወዋል። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በላይ ሳይሆን ከሆድ ሥር፣ በዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፤ ሆድ ላይ ከዋለ በግጭት ጊዜ የሚጎዳው ራሱ ቀበቶው ነው። ከደረት አጥንት እስከ መሪው እምብርት ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲኖር የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይመክራል፤ የአየር ከረጢቱ ለመነፋት ቦታ ስለሚፈልግ። ቀበቶው ካጠረ ቶዮታን የመሰሉ ፋብሪካዎች ለራሳቸው መኪና የተሠራ ማራዘሚያ አላቸው፤ ገበያ ላይ የሚዞረውን ስሙ የማይታወቅ ማራዘሚያ ግን አልመክርም።

ምረጥ ብባል፣ ገንዘብ ላለው አይዲ 6፣ ለሌለው ሁለተኛውን ፕሪየስ እላለሁ። 123ን የምመርጠው በአጠገቤ እንደ ሐጂ ያለ ሰው ካለ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አስመጪዎችና ሻጮች ደግሞ አንድ ነገር ብታደርጉልን። ከወንበሩ ላይ ፕላስቲኩን አንሱት። ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ይቀመጥበት፣ በሩን ይዝጋ፣ ቀበቶውን ይሰር፣ ግራ እጁን ወደ ታች ሰድዶ ወንበሩን ያስተካክል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። እኛ ሰፊዎቹ ስንወጣ ወንበሩን ሰብረን አንሄድም፤ ከተሰበረም በደንብ አልተሠራም ማለት ነው፣ ያኔ ዋጋውን ቀንሱልን።